ማክሰኞ ቀን የመጣው ቁጥር

ይድረስ ለእትዬ ዙልፋ፣
ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ማታ ማታ ያነሣብሻል? አሠሪሽ አሮጊቷስ ስኳራቸው ወረደላቸው? አብረውሽ የሚያድሩት የሐበሻ ልጆች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ቆመን እንሄዳለን፣ እንበላለን፣ እንጠጣለን። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ የግንቦት ሮቢት ሰውን እንደ ሽሮ እያንተከተከች ነው። ማንጎው ዘንድሮ ከልክ በላይ ይዟል፤ በየመንገዱ ወድቆ ንብ ይበላዋል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ይህን ወረቀት የምትሰጥሽ ዓይሻ ናት። ለእረፍት መጥታ ስትመለስ ቤቷ ድረስ ሄጄ እጅ ለእጅ ሰጠኋት፤ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከአጠገብሽ እንዳትነሣ አስምያታለሁ። እንግዲህ ቁጭ በዪ እትዬ። በቀን አንብቢው። ወደ መጨረሻው ዘለሽ እንዳታዪ፤ እኔ ባየሁበት ቅደም ተከተል እንድታዪው እፈልጋለሁ። የምጽፍልሽ ስለ ወንድማችን ስለ አብዱልሰመድ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሥራዬ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችውን ክፍሌን በቪዲዮ አሳይቼሽ የለ? እዚያ ከሀብታሙ ጋር ጠረጴዛ ተካፍለን እንሠራለን። እሱም እንደኔ የታክስ ወኪል ነው፤ የነጋዴውን ሂሳብ አዘጋጅተን ግብሩን የምናስታውቅለት እኛ ነን። እስካሁን ሥራችን በካርቶን ፋይልና በማኅተም ነበር። ዘንድሮ ግን ሁሉም በኮምፒውተር ይሁን ተባለና በመጋቢት ወኪሎችን ደብረ ብርሃን ጠርተው ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ብርዱ አይነሣ! እኔና ሀብታሙ ሁለታችንም ጋቢ ተከናንበን ነው የተማርነው፤ አሠልጣኟ የቆላ ሰዎች እያለች ትስቅብን ነበር።

ያስተማሩን ነገር ሲያጥር ይህ ነው። ደንበኛዬን በአዲሱ መዝገብ ላይ ሳስገባው በስልኩ ስድስት ቁጥር ይላክለታል። እሱ ቁጥሩን ለኔ ይነግረኛል። እኔ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ከጻፍሁት ከስሙ አጠገብ «ተረጋግጧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል። ውክልናው አለቀ፤ ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ።

ቀላል ይመስላል አይደል? ወር ሙሉ ዝግጅቱ አደከመኝ። ሠላሳ ስምንት ደንበኞች አሉኝ። አንዱ በንግድ ፈቃዱ ላይ «ኸይረዲን»፣ በመታወቂያው ላይ «ኸይሩዲን» ነው። የአንዷ ስልክ በሟች ባሏ ስም የወጣ ነው። ኢሜይል የሌለው ሁሉ ኢሜይል ክፈቺልኝ ይላል፤ ከፍቼ የይለፍ ቃሉን ስሰጠው የሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፎ ይጥለዋል። የማሾ ነጋዴውን ሽማግሌ ጋሽ ለማን ታስታውሻቸዋለሽ? ቁጥሩ ደርሷቸው ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው «ልጄ ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስጠንቅቆኛል» አሉኝ። ጋሽ ለማ፣ እኔኮ ኢልሀም ነኝ፣ እሳት ልጭር ቤታችሁ ስመላለስ ያደግሁ ብላቸው «እሱ ማንም ብሎ ነው፤ ከኢልሀም በቀር አላለም» ብለው ድርቅ። ልጃቸው ከማጀቴ መጥቶ እስኪፈቅድላቸው አራት ቀን ጠበቅሁ።

ሠላሳ ዘጠነኛው ስም የአብዱልሰመድ ነው።

አንቺ ያኔም እዚያው ጅዳ ስለነበርሽ በዓይንሽ አላየሽም። በ2014 ኅዳር፣ በጦርነቱ ከተማው ሲለቀቅ እናንተ ቅደሙ፣ የማሾ መጋዘኑን ቆልፌ ከኋላ እደርሳችኋለሁ ብሎን ቀረ። እኛ በዳገቱ ወደ ደብረ ሲና ወጣን፤ በኋላ እንደሰማነው መንገዱ ሲዘጋበት እሱ በቆላው በኩል ወርዷል። ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለ ሰው የለም። ስንመለስ መጋዘኑ እንደተቆለፈ ነበር፤ ጓጉንቸሩን በመጋዝ አስቆርጠን ገባን። እማ ለቅሶ እንዳይቀመጥ ከለከለች። የንግድ መዝገቡን ልዝጋው ስላት ደግሞ «ሬሳውን ያላየሁለትን ልጄን በወረቀት አትግደዪብኝ» አለችኝ። ስለዚህ በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ ሥራ አልሠራም ብዬ አስታውቅለታለሁ። እሷም በየወሩ ስልኩ እንዳይቋረጥበት ካርድ ታስሞላለታለች። ስልኩ ግን አንድ ቀን በርቶ አያውቅም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ ቀን ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የቀሩኝን ሰባት ሰዎች ለማስገባት ተቀመጥሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት አጭር መልእክት ነው የምልከው፤ «ኢልሀም ነኝ። አሁን የደረሰዎትን ስድስት ቁጥር በዚሁ ስልክ ይላኩልኝ» ይላል። የአብዱልሰመድ ስም ላይ ስደርስ ላልፈው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ሠላሳ ስምንቱን አስገብቼ የገዛ ወንድሜን ብቻ ውጭ ላስቀረው? የሚመልስ እንደሌለ እያወቅሁ ላክሁ።

ያን ሰዓት ታውቂዋለሽ፣ ከተማው በፀሐይ ሲደነዝዝ። ባጃጆቹ ቆመው ነጂዎቹ ውስጥ ተኝተዋል፤ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አየሁት። «ወንድሜ አብዱ» ይላል። ከሥሩ 530416።

ሌላ ቃል የለውም። እትዬ፣ በዚያ ሙቀት ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ ቀዘቀዘኝ። አልጮህሁም፤ ስልኩን ለሀብታሙ ዞር አድርጌ አሳየሁት እንጂ። አየው፣ እኔን አየ፣ ደግሞ አየው። በሹክሹክታ «ጻፊዋ» አለኝ። የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል፣ አይቀበለውም፣ እገላገላለሁ ብዬ ጻፍሁት። አረንጓዴው ወጣ። አብዱልሰመድ ይማም፣ ተረጋግጧል።

ወዲያው ደወልሁ። የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም አለኝ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ሦስት ዓመት ተኩል ስሰማው የኖርሁት ያው ድምፅ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። ከዝግ ስልክ መልእክት የመጣልኝ መሆኑ ነው።

ለእማ አልነገርኋትም። ያን ዕለት ማታ ግን እራት ስናቀርብ ከመሬት ተነሥታ «ዛሬ ልቤን ቀለል ብሎኝ ዋለ፣ ምን ሰምተሽ ነው የማትነግሪኝ?» አለችኝ። ምንም አልሁ።

ረቡዕና ሐሙስ ሥራ አልሠራሁም ብል ይቀላል። እንዲያው ስልኩን አፈጥበታለሁ። አንዳንዴ በሕይወት አለ እላለሁ፤ ደግሞ በሕይወት ካለ እናቱን ሳያስታውስ ለግብር ቁጥር ይመልሳል? እላለሁ። ሀብታሙ የስልክ መስመሩ ለሌላ ሰው ተሽጦ ይሆናል አለ፤ ግን እማ በሞላች ቁጥር ካርዱ በአብዱ ስም ነው የሚገባው። ዓርብ ዕለት ከጁምዓ በኋላ ስልኬ እንደገና ተንቀጠቀጠ። «ወንድሜ አብዱ»። ከሥሩ 530416። ያው ቁጥር።

ሀብታሙ ትንፋሹን ለቀቀ። «ኔትወርክ ነው የደገመው፣ ተመስገን!» አለ። እኔ ግን ስልኩን አንሥቼ ደወልሁ፤ እትዬ፣ ጠራ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። ነፋስ ይሰማኛል። ከነፋሱ ውስጥ ደረቅ የእንጨት ቃጭል፣ ግመል አንገት ላይ የሚታሰረው ዓይነት፣ ኳ ኳ ይላል። የሰው ትንፋሽም አለ። አብዱ፣ አንተ ነህ? ብዬ ጮህሁ። የሴት ድምፅ በማላውቀው ቋንቋ ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም አለ። ያ ቃጭል ግን ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ነበር።

ወደ አጎታችን ወደ ሙሄ ሮጥሁ። ከብት ሲደልል በኖረበት ዕድሜው የቆላውን ቋንቋ ሁሉ አፉን እንደፈታበት ነው የሚናገረው። ከብት ተራ አገኘሁትና ስልኩን ሰጠሁት። ሲደውል ቆሞ ነበር። ሲያዳምጥ ቀስ ብሎ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ሲጨርስ መሬት ላይ ነበር። ምን አሉህ ስለው «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ለእህቴ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብቻ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለእማ ርቆ ያለ ደንበኛ ላረጋግጥ ነው ብያት ወጣሁ። ውሸት ነው ለማለትም አይመችም። ከጀውሃ በአንድ ፒክአፕ ወደ ፀሐይ መውጫ ወረድን፤ ማሽላው አልቆ ግራሩ፣ ግራሩም ሳስቶ ነጭ አቧራው ብቻ ቀረ። መኪናው ከቆመ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ሙሄ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ አንድም ጊዜ ወደኋላ አላየኝም። ከሩቅ ያ ቃጭል ተሰማኝ። በስልክ የሰማሁት ራሱ ነው።

ሁለት ጎጆ ናት ሰፈሩ። አንድ ሽማግሌ፣ ሚስታቸው፣ ወንድ ልጃቸውና የልጃቸው ሚስት ኑርሃን። ምንጣፍ አነጠፉልን፣ ወተት ሰጡን። ማንም ስለ ነገሩ አልጀመረም፤ መጀመሪያ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የመንገዱን ተጠያየቁ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ፊታቸውን ብቻ አያለሁ። ከዚያ ሽማግሌው መናገር ጀመሩ፤ ሙሄ መሬት መሬት እያየ ይተረጉምልኛል።

በዚያ በጭንቁ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በየበረሃው ሲበተን፣ አንድ ጎልማሳ ከግራር ሥር ወድቆ አገኙ። እግሩ ቆስሎ አብጧል፤ ትኩሳቱ እንደ እሳት ነው። በአህያ ጭነው አመጡት። ቋንቋ አልተግባቡም፤ ሰላምታቸውን ግን መለሰላቸው፣ በዚያ ሙስሊም መሆኑን አወቁ። ሦስት ቀን አብሯቸው ቆየ። ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር፤ ከዙህር ሶላት በፊት አረፈ። አጥበው፣ በአዲስ አቡጀዴ ከፍነው፣ ሰግደውበት ቀበሩት። ስሙን ስለማያውቁ እስከዛሬ «እንግዳው» ነው የሚሉት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጪውና አልቅሺ። ዓይሻ ትያዝሽ። እኔ እዚያ ምንጣፍ ላይ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ አንቺ አልቅሺልኝ።

ለመንገደኛ ሁሉ ሲናገሩ ኖረዋል፤ የሚጠይቅ አልመጣም። ከዚያ ድርቅ ሆኖ ራቅ ብለው ከረሙ። ዕቃውን በቆዳ ከረጢት አድርገው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት፤ «አማና ነው፣ እጅ አይነካውም» አሉን ሽማግሌው። ከረጢቱን አውርደው ፊቴ ፈቱት። የመጋዘኑ ቁልፍ አለ፣ እኛ ጓጉንቸሩን በመጋዝ ያስቆረጥነው። ያቺ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልኩም አለች፣ ጥግዋ የተሰነጠቀው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነው ብዬ የምይዘው ተስፋ አልቀረኝም።

ስልኩን ማን አበራው ብዬ ጠየቅሁ። ኑርሃን ትንሽ አማርኛ ታውቃለች፤ ሰንበቴ ከተማ ዘመዶቿ ዘንድ ሆና እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ወደዚህ ቤት የተዳረችው እንግዳው ካረፈ በኋላ ነው። ባሏ ሐሙስ ገበያ ውሎ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ገዝቶ መጣ፤ ስልክም ይሞላል። ኑርሃን ዓርብ ጠዋት የእንግዳውን ስልክ እንሙላው፣ ዘመድ ይደውል ይሆናል ብላ ሽማግሌውን አስፈቀደች። እኩለ ቀን ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ አበራችው። የሦስት ዓመት ተኩል መልእክት ዘረገፈባት፤ አብዛኛው እማ የሞላችው ካርድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የኔ አለ፤ የደረሰዎትን ስድስት ቁጥር ይላኩልኝ የሚል። አነበበች፣ ቁጥሩን ፈለገች፣ ላከችልኝ፤ ስደውል ግን ደንግጣ አማርኛው ጠፋባት። ሰው ሲለምን ዝም አይባልም አለችኝ።

ዓርብ ነው ወይስ ማክሰኞ? አልኋት። ዓርብ አለች። ማክሰኞ መብራቱ ገና ገበያ ላይ ነበር። ባሏን ጠየቅሁ፤ እሱም ያንኑ አለ። ስልኩን ተቀብዬ የተላከውን ሁሉ አየሁ። አንድ መልእክት ብቻ ተልኳል፤ ዓርብ ቀን፣ 530416። ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻው የ2014 ኅዳር ነው፤ ለኔ የላከልኝ፣ «ደርሳችኋል?» የሚል።

የማክሰኞው በኔ ስልክ ላይ አሁንም አለ። ሀብታሙም አይቶታል፤ አረንጓዴውም የወጣው ማክሰኞ ነው፣ መዝገቡ ላይ ቀንና ሰዓቱ ተጽፏል። ሙሄን ስጠይቀው «አላህ የሚያውቀውን አንቺ አትቁጠሪው» ብሎ ዘጋኝ። እኔም ለማንም አላወራሁትም። ለእማም አልነገርኋትም፤ ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው። የማስበውን አትጠይቂኝ፣ የማስበው ነገር የለኝም። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ስሆንና ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ግን እስካሁን ወዲያው አላነሣውም።

ቀብሩን አየሁት። ጉብታው ላይ ነው፤ ድንጋዩን በሥርዓት ከበውታል፣ አውሬ እንዳይነካው እሾህ አድርገውበታል። እሾሁ አዲስ ነው፤ በየዓመቱ ይቀይሩታል ማለት ነው። ሙሄ ዱዓ አደረገ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ደርሰናል አብዱ፣ ሁላችንም ደርሰናል አልሁት።

እንግዲህ የቀረው እማ ነበረች። ሙሄ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ሰብስቦ ሰኞ ማለዳ ይዟቸው መጣ። እማዬ በላይነሽም ከጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከትላቸው ገባች። እማ ደጅ ስትወጣ፣ በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው ስታይ፣ ያልጠበቅነውን አደረገች። አልጮኸችም። ግድግዳውን ይዛ ቆመችና «አገኛችሁት?» አለች። ሙሄ አንገቱን ደፋ። ሁሉንም ነገራት፣ ግራሩን፣ አህያውን፣ ሦስቱን ቀን። እሷ ግን ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም፤ ከኔ መስማት የፈለገችው ነገር ነበራት።

«ጠምቶት ነው የሞተው?» አለችኝ።

አይደለም እማ፣ አልኋት። የሽማግሌው ሚስት ሦስቱን ቀን ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ የፍየል ወተት በጣሳ ስትሰጠው ነበር። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ጠጥቷል። ራሷ ናት በእጇ እያሳየች የነገረችኝ።

እማ «እንግዲያስ እናት አልጎደለበትም» አለች። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና እማዬ በላይነሽን «በዪ አንጥፊልኝ፤ ልጄን ላልቅስ» አለቻት። ሦስት ዓመት ተኩል ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች። ሮቢት ሙሉ መጣላት፤ ጋሽ ለማ ሳይቀሩ በምርኩዝ መጥተው ሦስት ቀን ዋሉ።

በስልክ እማ ድምፅዋ የዘጋው ጉንፋን ይዟት ነው ያልሁሽ ውሸቴን ነው፤ አውፍ በዪኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ የከለከለችኝ እሷ ናት። የንግድ መዝገቡን ለመዝጋት የቀበሌውን የሞት ወረቀት እየጠበቅሁ ነው። የግብር ቢሮው ኃላፊ ነገሩን ስነግራት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ወረቀቱ ሲደርስ ራሷ እንደምትጨርስልኝ ነገረችኝ። እማ ደግሞ ክረምቱ ሲያልፍ ያቺን ሴት ልያት ብላለች። በእግርም ቢሆን እሄዳለሁ፣ እጇን ስሜ እመለሳለሁ እያለች ነው። ካሁኑ አንድ ቡልኮ አሠርታላታለች፤ በበረሃ ቡልኮ ምን ያደርግላታል ብንላት አልሰማችንም።

አንቺም እትዬ ብቻሽን አታልቅሺ። ልጆቹን ሰብስቢና ዱዓ አስደርጊለት። ዓረፋ ሲደርስ ሰደቃ እናወጣለታለን፤ ያንቺንም ድርሻ በስምሽ እናወጣዋለን። ለመምጣት ብለሽ ሥራሽን እንዳትለቂ፤ «ቀብሩ አይሄድም፣ ዓመቷን ጨርሳ ትምጣ» ብላለች እማ።

እማ ግንባርሽን ትስማለች፤ ይህን ሳነብላት ቁጭ ብላ ሰምታለች፣ ለሷ ያላነበብሁላት የማክሰኞዋን ብቻ ነው። አጎት ሙሄ «አይዞሽ የኔ አንበሳ» ብሎሻል። እማዬ በላይነሽ እመቤቴ ታጽናሽ ትላለች። ሀብታሙ በአካል ባያውቅሽም አላህ ያጽናት በዪልኝ ብሏል። ጋሽ ለማ ሰላም ብለውሻል። ኑርሃንም በአብዱ ስልክ ሳይሆን አሁን በገዛችው በራሷ ስልክ ደውላ ስላንቺ ጠይቃኛለች፤ ሌላ እህት አለችው ወይ ብላ። አለች አልኋት።

ያንቺው ታናሽ እህትሽ
ኢልሀም ይማም
ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.